ፊልማችሁን ለአዳራሹ ሥሩት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ፎቶ ቤት የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቤቱ በተማሪ ይሞላል። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ይመጣሉ። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። አንዳንዴ ደግሞ ስልኩን ብቻ ይዞ በር ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ ፊልም መሥራት ፈልጌ ነበር" የሚል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ይመጣል። ከነሱ ጋር መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ጥያቄያቸው ስለሚመሳሰል፣ እስቲ አንዴ ልጻፈውና እየተቀባበሉ ያንብቡት ብዬ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የደረሰብንን ላስቀድም። ሁለት ልጆች የሠሩት የ8 ደቂቃ ፊልም ለአንድ የክልል ፌስቲቫል ተመረጠ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ታሪኩ አብዛኛው ሌሊት ላይ ነው የሚሆነው። በስልክም በእኔ ኮምፒውተርም ስናየው ያምር ነበር። አዳራሹ መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር ግን ሸራው ላይ የሚታየው ጥቁርና ግራጫ ብቻ ሆነ። የተዋናዩ ፊት የለም። ድምፁ ከግራ ስፒከር ብቻ ወጣ። በቀኝ በኩል የተቀመጠው ሰው "ምን አለ? ምን አለ?" ይባባል ጀመር። ፊልሙ ውስጥ ያሉት አያት ኦሮምኛ ስለሚናገሩ የአማርኛ ሰብታይትል፣ ከምስሉ ሥር የሚነበብ ትርጉም፣ በተለየ ፋይል ይዘን ሄደን ነበር። ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ልጆቹ አጠገቤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ያን ምሽት እስካሁን አልረሳሁትም። የኦፕሬተሩ ጥፋት አልነበረም። ሦስቱም ስህተት የተሠራው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስቱንም ቀድሞ ማስተካከል ይቻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ስክሪፕት ስትጽፉ ጀምራችሁ አዳራሹን አስቡ። ፊልማችሁን የሚያየው ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልክ የያዘ ሰው አይደለም። ጨለማ ውስጥ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መሃል፣ ከሸራው ርቆ የተቀመጠ ሰው ነው። ያልገባውን ወደኋላ መልሶ ማየት አይችልም። ድምፅ መጨመርም አይችልም።

ታሪኩ

ኦስካር እንኳ አጭር ፊልም የሚለው ከነስም ዝርዝሩ እስከ 40 ደቂቃ ያለውን ነው። እናንተ ግን 5 ደቂቃ አስቡ። ፌስቲቫል ላይ አጫጭር ፊልሞች ተከታትለው በአንድ ዝግጅት ስለሚታዩ አጭሩን ፊልም ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ይቀላል። ሌላው ምክንያት የናንተው ጊዜ ነው። ፈተና አለባችሁ፣ ቤት ሥራ አለባችሁ፣ ተዋናዮቻችሁም ተማሪዎች ናቸው። የ5 ደቂቃ ፊልም በሁለት ቅዳሜና እሁድ ተቀርጾ ያልቃል።

ልጆች መጀመሪያ ይዘውት የሚመጡት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው። ማፊያ አለ፣ የመኪና አደጋ አለ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ሐሳቡን አልንቅም። ግን የሆስፒታሉ አልጋ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ቁልፉ እጃችሁ ላይ ያለ ቤት የትኛው ነው? ሁለት ቀን ሙሉ እሺ ብሎ የሚቀመጥላችሁ ሰው ማነው? ያ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ምን መወሰን አለበት? ሦስተኛው መልስ ያላት ልጅ ፊልም አላት።

አምና አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ መጣች። አያቷ ማንበብ አይችሉም። አጎቷ ሳዑዲ ነው። ማታ ማታ የሚልከውን መልእክት ለአያቷ የምታነብላቸው እሷ ናት። ፊልሙም ይኸው ነው፦ አንድ ማታ መልእክቱ ክፉ ወሬ ይዞ ይመጣል። ልጅቷ ስልኩን ታያለች። አያቷን ታያለች። ከዚያ ያልተጻፈ ነገር ታነብላቸዋለች። አለቀ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ስልክ፣ 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ስንት ነው? አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ብዙው ያንን ስልክ ያውቀዋል።

አያትየዋን የተጫወቱት የራሷ አያት ናቸው። ሲቀረጹ የሆነውን ልንገራችሁ። ስልኩን ለልጅቷ ከማቀበላቸው በፊት ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ቀስ ብለው፣ ሁለቴ። ስክሪፕቱ ላይ የለም። ማንም አላዘዛቸውም። የልጃቸውን ፊት የሚጠርጉ ነው የሚመስለው። ካሜራ የያዘው ልጅ "ካት" እስኪባል እየጠበቀ ነበር፣ ልጅቷም ለማለት አልቸኮለችም። ስለዚህ ተቀረጸ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ትንፋሹን የሰበሰበው እዚያ ቦታ ላይ ነው። እናንተም ንግግሩ ካለቀ በኋላ 5 ሰከንድ ጠብቁ። ሰው ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ ነው እውነተኛ ነገር የሚያደርገው።

ንግግር ስትጽፉ በቤታችሁ ቋንቋ ጻፉ። የኛ አያቶች "አብሽሪ የኔ ልጅ" ነው የሚሉት። ስክሪፕት ላይ ሲደርስ "አይጨነቁ፣ ሁሉም ነገር መልካም ይሆናል" ተብሎ አየዋለሁ። ሰውየው ያደገው ደሴ፣ የሚናገረው እንደ ዜና አንባቢ። ስክሪፕቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሰዓትም ያዙ። በተለመደው አጻጻፍ አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ይመጣል። ምላሳችሁ ላይ የሚያደናቅፍ ቃል ካለ የተዋናዩም ምላስ ላይ ያደናቅፋል።

ምስሉ

ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሳታስቡት ከተማዋን ይውጣታል፣ ሳታስቡት ደግሞ ይተዋታል። ጉም ለፊት ደግ ብርሃን ነው፣ ጠንካራ ጥላ አይጥልም። ችግሩ አይቆይም። አንዱ ሾት በጉም፣ ተከታዩ በፀሐይ ከተቀረጸ ኤዲት ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ጉም ሲገባ ሩጡና መጀመሪያ ሰፊውን ሾት፣ ቦታው ሁሉ የሚታይበትን፣ ውሰዱ። ቅርብ የፊት ሾት ጉሙ ቢሄድም ጥላ ያለበት ግድግዳ ጥግ ሊሠራ ይችላል። ሰፊው ግን ካመለጠ አመለጠ።

ኮምቦልቻ ሌላ ናት። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። ፀሐይዋ ትከብዳለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓቱ 9 ሰዓት ደጅ ላይ ከቀረጻችሁ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ያን ሰዓት ቤት ውስጥ ሥሩበት።

ቤት ውስጥ መስኮት ከሁሉም መብራት ይበልጣል። ተዋናዩን ከመስኮቱ ጎን አስቀምጡት። ፀሐይዋ በቀጥታ ከገባች መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ስቀሉ፣ ብርሃኑ ይለሰልሳል። የፊቱ ሌላኛው ወገን ከጨለመ ካርቶን ላይ አሉሚኒየም ፎይል ለጥፋችሁ መልሱለት። ሪንግ ላይት የሚባለውን ክብ መብራት ለፊልም አልወድም። ዓይን ውስጥ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ፊትንም ጠፍጣፋ ያደርጋል።

ሌሊትን በሌሊት አትቅረጹ። የስልክ ካሜራ ጨለማ ላይ ምስሉን አሸዋ የተበተነበት ያስመስለዋል። ፕሮጀክተር ደግሞ ያንኑ ደካማ ብርሃን ይበላዋል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ወደ 20 ደቂቃ የሚቆይ ሰማያዊ ብርሃን አለ። ቤት ውስጥ አምፖል አብርታችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከደጅ ብትቀርጹ ሸራው ላይ ሌሊት ይመስላል፣ ፊትም ይታያል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ቀድማችሁ ተለማመዱ።

የስልኩን ነገር ባጭሩ። አግድም ያዙት። ስክሪኑን በጣት ነክታችሁ ወደ ሰው አታጉሉ፣ ራሳችሁ ቅረቡ። ፊቱ ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ቆዩና ፎከስና ብርሃኑን ቆልፉት፣ ካልሆነ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ይፈካል ይጨልማል። አምፖል ሥር ስትቀርጹ ምስሉ ላይ መስመር እየተንሸራተተ አይታችሁ ይሆናል። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ካደረጋችሁ መስመሩ ይጠፋል። የስልኩ ካሜራ ይህን የማያስመርጥ ከሆነ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው አፕ በነፃ አለ። ለአይፎንም፣ ለተወሰኑ አንድሮይድ ስልኮችም ይሠራል። ትራይፖድ ከሌለ የ2 ኪሎ ሩዝ ከረጢት ላይ ስልኩን አስደግፉት፣ አይነቃነቅም።

ድምፁ

ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። የወደቁ የተማሪ ፊልሞች አብዛኞቹ ሲወድቁ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተመልካች አብሯችሁ ይቆያል። ንግግሩ ካልተሰማ ግን ስልኩን ያወጣል።

የስልክ ማይክ ሩቅ ሆኖ ሲቀርጽ ክፍሉን ነው የሚቀርጸው። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሰውየው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይወርዳል፣ የክፍሉ ጫጫታ ግን እንዳለ ይቆያል። መፍትሔው ሁለተኛ ስልክ ነው። ድምፅ መቅጃውን አብሩ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ከተዋናዩ አፍ አንድ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ደብቁት። ትራስ ሥር፣ ከቡና ረከቦት ኋላ፣ ጋቢ እጥፋት ውስጥ፣ የትም ይሆናል። ከልብስ ጋር እንዳይፋተግ ብቻ ተጠንቀቁ። ሁለቱም መቅረጽ ሲጀምሩ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ። ኤዲት ላይ የጭብጨባውን ምስልና ድምፅ ስታገጣጥሙ ሁሉም ይገጥማል። ገንዘብ ካላችሁ ከሁሉም በፊት የምትገዙት ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ይሁን። ሌንስ ይቆይ።

ከዚያ የከተማችን ድምፅ አለ። ደሴ ዝም የምትል ከተማ አይደለችም። አዛን አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ማይክ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ የጎረቤት ዶሮና ቴሌቪዥን አለ። አዛን ከጀርባ እየተሰማ ንግግር ከቀረጻችሁ ኤዲት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትቆርጡ አዛኑ ይዘላል። መዝሙርም እንደዚያው። ተመልካች ምን እንደሆነ ባይለየውም ጆሮው ይደናገራል። የሶላት ሰዓት የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ለምሳና ለባትሪ ተጠቀሙበት። አዛኑን ፊልሙ ውስጥ ከፈለጋችሁት፣ እኔም ብዙ ጊዜ እፈልገዋለሁ፣ ለብቻው ከጣራ ላይ ሆናችሁ ሙሉውን ቅረጹትና ኤዲት ላይ ከሥር አስገቡት።

ክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የንግግር ትዕይንት አትያዙ። ዝናቡ ጣራውን ሲመታ የሚያድነው ሶፍትዌር የለም። ጠዋት ጨርሱት። ባዶ ክፍል ካስተጋባ ካሜራው በማያየው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ። ፍሪጅ ካለ ንቀሉት። መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሳትከፍቱት አትወጡም። የሰው እናት ሥጋ ተበላሽቶባት በሚቀጥለው ጊዜ ቤቷን አትሰጥም።

እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሥራ ስትጨርሱ ሁሉም ሰው ጸጥ ብሎ ባዶውን ክፍል አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ልጆች ይሄ ያሰለቻቸዋል። ኤዲት ላይ ሁለት ንግግር መሃል የሚፈጠረውን ቀዳዳ የሚደፍነው ግን ያ "ዝምታ" ነው። ፍጹም ዝምታ ካስገባችሁ አዳራሹ ስፒከሩ የጠፋ ይመስለዋል።

ሰውና ፈቃድ

ደጅ ላይ ከመቅረጻችሁ በፊት ከትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ አጽፉና ቀበሌ አሳዩ። ደብዳቤውን ቀረጻ ቦታ ላይ ኪስ ውስጥ ያዙት። ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ካሜራ ሲያይ ይጠነቀቃል፣ እውነትም አለው። የመጫወቻ ጠመንጃና የደንብ ልብስ ይዛችሁ መንገድ ላይ አትውጡ። ሰኞ ገበያ የምትቀርጹ ከሆነ ፊቱ የሚለይ ሰው ሁሉ ተጠይቆ እሺ ይበል። የተዋናይ ፈቃድ በወረቀት ይሁን፣ ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ይፈርም። ለአያትየዋ ፊልሙ አዳራሽ ውስጥ እንደሚታይ ልጅቷ ቁጭ ብላ አስረድታቸዋለች። ማታም አብረው ቡና ጠጡ። ገንዘብ መክፈል ባትችሉ ምሳ አብሉ።

ኤዲትና ሙዚቃ

ደህና ኮምፒውተር ያለው ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የኤዲት ፕሮግራም ይጠቀም፣ ነፃው ቅጂ ከበቂ በላይ ነው። የሌለው ካፕከት በስልክ ይሥራ። ካፕከት ውስጥ ተዘጋጅቶ ያለውን ዘፈን ግን ለፌስቲቫል አትጠቀሙ። የታወቀ ድምፃዊ ዘፈንም እንደዚያው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራውን ባለቤት ይጠብቃል። የናንተም ፊልም በዚሁ አዋጅ ይጠበቃል። ደግሞ እኛ ለሙዚቃ ምን አነሰን? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ አገሮች ስም ነው የሚጠሩት። ክራር የሚመታ ክፍል ጓደኛ ፈልጉ። የራሱን ዜማ በባቲ ይምታ፣ ስሙ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይጻፍ። ለልጅቷ ፊልም አንድ ልጅ 40 ሰከንድ ክራር መታላት። ሌላ ሙዚቃ የለበትም።

አሁን ወደ ሦስቱ ስህተቶቻችን ልመለስ። ድምፁ በአንድ ወገን ከተቀረጸ ወደ ሞኖ (አንድ ወጥ ድምፅ) ቀይሩትና በግራም በቀኝም እኩል ይውጣ። የጆሮ ማዳመጫችሁን አንዱን ጆሮ እየነቀላችሁ ፈትሹ። ንግግሩ ጎላ ሲል በኤዲት ፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መሃል ይዋል፣ 0 ከነካ ይሰነጠቃል። ምስሉን ስልካችሁ ላይ ከሚያምራችሁ ትንሽ አፍኩት። ሰብታይትሉን በተለየ ፋይል አትያዙ፣ ምስሉ ላይ አትሙት። የአዳራሹ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው ሳጥን ነው የሚያወጣው። ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ነጭ ፊደል በጥቁር ጠርዝ ይሁን።

ኤክስፖርት ስታደርጉ፣ ማለትም ያለቀውን ፊልም አንድ ፋይል አድርጋችሁ ስታወጡ፣ ከምርጫዎቹ ኤምፒ4 (የፋይሉ ዓይነት)፣ ኤች.264 (የአጨማመቁ ዓይነት)፣ 1920 በ1080 (የምስሉ መጠን)፣ 25 ፍሬም አድርጉት። በሰከንድ 20 ሜጋቢት ከሰጣችሁት የ5 ደቂቃ ፊልም ወደ 750 ሜጋባይት ይመጣል። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሁለት ሁለት ሰከንድ ጥቁር ጨምሩ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ ካልሆነ ይጨመቃል። ጥሬ ቀረጻውን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስክ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ዲኤስቲቪ ቤት ሂዱ። ጠዋት ጨዋታ የለም፣ ቤቱ ባዶ ነው። ባለቤቱን ለምኑት፣ ፍላሻችሁን ይሰካላችሁ። እናንተ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙን ለማያውቅ ሰው፣ ለአስተናጋጁም ቢሆን አሳዩት። ምን አለች ብሎ የጠየቀበትን ቦታ ጻፉ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ብናደርግ ኖሮ እነዚያ ሁለት ልጆች አንገት አይደፉም ነበር።

ማስገባቱ

የፌስቲቫሉን ደንብ ሙሉውን አንብቡ። የደቂቃ ገደቡን፣ የተማሪ መታወቂያ መጠየቁን፣ ቀድሞ ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ የወጣ ፊልም መቀበሉን እዩ። አንዳንዶቹ አይቀበሉም፣ ስለዚህ መልስ እስኪመጣ አትልቀቁት። ስለ ፊልሙ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ መጨረሻውን ግን አትናገሩ። ከቀረጻው ሦስት ጥርት ያሉ ፎቶዎች ምረጡ። ኢንተርኔት ሌሊት ይሻላል። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።

ምሽቱ

ሁለት ፍላሽ ያዙ፣ ሁለቱም ላይ ያንኑ ፋይል። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ኦፕሬተሩን በትሕትና "ወንድሜ፣ 30 ሰከንድ ብቻ እንይልህ?" በሉት። ንግግር ያለበትን ቦታ አስከፍቱና ወደ ኋላ ወንበር ሄዳችሁ ስሙ። ድምፁ ካነሰ ያኔ ነው የሚስተካከለው።

መድረክ ላይ ሲጠሯችሁ ፊልሙን አታብራሩ። ማን አብሯችሁ እንደሠራ ተናገሩ፣ የተጠየቃችሁትን መልሱ። ያቺን ልጅ አንድ አባት ተነስተው "መልእክቱ ላይ በእውነት ምን ነበር የተጻፈው?" ብለው ጠየቋት። ትንሽ ዝም አለችና "እሱን አያቴም እስካሁን አልጠየቀችኝም" አለች። ከዚያ ማይኩን መለሰች።

ፊልማችሁ ሲታይ ሸራውን አትዩ፣ አስቀድማችሁ መቶ ጊዜ አይታችሁታል። ሰውን እዩ። ወረቀት ያዙ። የሳቁበትን፣ የተቁነጠነጡበትን፣ ስልክ ያወጡበትን ደቂቃ ጻፉ። ልጅቷ አያትየዋ ቡና የሚያፈሉበት ቦታ ላይ ሰው ሲቁነጠነጥ አየች። በማግስቱ ፎቶ ቤት መጣችና ሁለተኛውን ሲኒ አወጣነው። አዲሱ ቅጂ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ለሚቀጥለው ፌስቲቫል የላከችው እሱን ነው።